ወርቁን ማን አኖረው?

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የፋሽስት ጦር ያደነው ታጣቂውን ብቻ አልነበረም። አዝማሪው፣ ጠንቋዩና ባሕታዊው ሳይቀሩ እየተለቀሙ ተገደሉ። «የጣሊያን አገዛዝ ማብቂያው ቀርቧል» እያሉ ሕዝቡን ያውካሉ ተብለው ነው። ማሲንቆ የያዘ ሰው ጠመንጃ እንደያዘ ተፈራ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። በዘፈን ውስጥ የሚገኘውን ፖለቲካ ማን ነው የሚያኖረው? ዘፋኙ ወይስ ሰሚው?

ቅኔ ቤት ለዚህ የቆየ ዕውቀት አለው፤ የላዩን ትርጉም ሰም፣ የውስጡን ወርቅ ይለዋል። አንጥረኛ መጀመሪያ በሰም ቅርጽ ያወጣል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን አቅልጦ በባዶው ስፍራ ወርቁን ያፈስሳል። ወርቁ መልኩን የሚያገኘው ከሰሙ ነው። ስለዚህ ተማሪ «ወርቁ ይህ ነው» ሲል መምህሩ እንዲሁ አይቀበለውም፤ ኅብረ ቃሉ ሁለቱን ትርጉም መሸከሙን ይመረምራል።

ይህን ወደ ዘፈን እናምጣው። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.ቱን የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የመሩት የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ። ሙከራው ሲከሽፍ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠም ታሰረ። «አልቻልኩም» የተሰኘው ዘፈኑ የፍቅር ምሬት ነው፤ ብዙ አድማጭ ግን የአገዛዝን ክብደት ሰማበት። «ፍቅሩ ሽፋን ነው፣ ቁም ነገሩ ፖለቲካው ነው» የሚል ተንታኝ ታዲያ ይሳሳታል። ሰሙን እንደ ገለባ መጣሉ ነው።

የአማርኛ አፍቃሪ እኮ ድሮም የሚናገረው በችሎት ቋንቋ ነው! በደል፣ ፍርድ፣ ዳኛ፣ ምሕረት፣ ዋስ። ተፈቃሪዋ ትበድላለች፣ አፍቃሪው አቤት ይላል፣ ደጅ ይጠናል። መሬቱን ተነጥቆ ከሹም ደጅ የከረመ ባለጉዳይም ሌላ ቃል አልነበረውም። ስለዚህ አድማጩ ከፍቅር ወደ አገዛዝ የተሻገረው ትርጉም ፈጥሮ አይደለም፤ ዘፋኙም የግድ መደበቅ አላስፈለገውም። ደጅ ጥናት የኖረበት ሕዝብ ታሪኩን አስቀድሞ በቃላቱ ውስጥ አኑሮታል።

ይህ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ነገር ነው። ዘፈኑን ይዞ ጥላሁን በልቡ ምን እንዳሰበ መፍረድ አይችልም። ነገር ግን አንድ የፍቅር እንጉርጉሮ ሲሰማ ስንት ሰው ሳይነገረው የራሱን ጌታ እንዳስታወሰ፣ ያም ጌታ በየዘመኑ ማን እንደነበረ ሊጠይቅ ይችላል።