ጎረቤታችን የሚያበቃው የት ላይ ነው?

 

የጎረቤት ሐቅ ሲባል ሁላችንም ወዲያው የምናስበው ግድግዳ የሚጋራንን፣ ቡና የምንጠራራውን፣ ሲታመም የምንጠይቀውን ሰው ነው። ኡለማዎች ዘንድ የቀረ ደግሞ አርባ ቤት ድረስ ይቆጥራል። ስሙን የማናውቀው፣ ፊቱን ያላየነው፣ ቋንቋውን የማንሰማው ሰውስ ጎረቤታችን ሊሆን ይችላል? እኔ ይችላል ባይ ነኝ። እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ አንዱ ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማርኩት አንድ ቃል ነው፦ ተፋሰስ።

ተፋሰስ ማለት የዘነበው ዝናብ ተጠራቅሞ በአንድ መውጫ የሚፈስበት መሬት በሙሉ ነው። ወሰኑ የቀበሌ መስመር አይደለም፤ የወረዳም አይደለም። ወሰኑ የጋራው አናት ነው። አናቱ ላይ ያረፈች ጠብታ ወዲህ ካዘነበለች የአንዱ ወንዝ ናት፣ ወዲያ ካዘነበለች የሌላው። ጮቄን አስቡት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከዚያ ተራራ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ተምጫ እና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ይነሳሉ፤ ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ስለዚህ ጮቄ ቁልቁለት ላይ ገብስ የሚዘራ ሰውና ሱዳን ውስጥ ከዓባይ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ይኖራሉ። የሚለያቸው መንገድ ረጅም ነው፤ የሚያገናኛቸው ግን አንድ ውሃ ነው።

ሁለተኛው ቃል ደለል ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ግንዱ እንኳ ትንሹ ጭነት ነው፤ ትልቁ ጭነት አፈር ነው። በሐምሌና በነሐሴ የወንዞቻችን ውሃ የሚቀላው ወይም የሚጠቁረው የማሳችንን ገላ ይዞ ስለሚሄድ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር እስኪፈጠር፣ እንደ ዐለቱና እንደ አየሩ ጠባይ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈልጋል። ይህን ያህል አፈር ግን እርቃኑን በቀረ ቁልቁለት ላይ በጥቂት ክረምቶች ተጠርጎ ይሄዳል። ድሮ የጮቄን ከፍታ የሸፈኑት ጓሳ፣ አስታ እና ጅብራ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዘው ቀስ እያሉ ለምንጩ ይለቁት ነበር። እነሱ ተመንጥረው ገብስና ድንች ሲዘራ ውሃው የሚይዘው ያጣል፤ ክረምት ላይ በአንዴ ይጎርፋል፣ በጋ ላይ ምንጩ ይደክማል።

አፈሩ የት ይደርሳል? ሱዳን ውስጥ ሮሴይረስ የሚባል ግድብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ተሠርቶ አለቀ። በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት ከመያዝ አቅሙ ሲሦ የሚሆነውን ደለል ሞላበት፤ ከፍታው ተጨምሮለት ሥራው ያለቀው በ2013 ነው። ወደ ጀዚራ እርሻ የሚሄዱት ቦዮችም በየጊዜው ደለል መጥረግን ይጠይቃሉ። ያ ጭቃ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከኢትዮጵያ ደጋ የሄደ ነው፤ ከእሱም የጎጃም ድርሻ ቀላል አይደለም። አሁን ደግሞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው የራሳችን ግድብ መንገዱ ላይ ቆሟል። ገንዘብ አዋጥተን የሠራነውን ግድብ በገዛ አፈራችን ልንሞላው ነው ማለት ነው። እዚህ ጋ ሲደርስ ብዙ ሰው ጉዳዩ የእሱም እንደሆነ ይሰማዋል፤ ሮሴይረስን ስጠራ ግን ዝም ብሎ ነበር። ይህን ልዩነት በልባችሁ ታዘቡት።

ከባዱ ጥያቄ እዚህ ይጀምራል። ፊቅህ ስንማር ዶማን የሚባል ርዕስ አለ፤ የሰው ንብረት ያጠፋ ይተካል ነው ነገሩ። ለመተካት ግን አጥፊው ማን እንደሆነ መለየት አለበት፣ የጠፋውም መታወቅ አለበት። ደለል ላይ ሁለቱም አይገኙም። ከስንት መቶ ሺህ ማሳ እፍኝ እፍኝ ተዋጥቶ የሄደ ጭቃ ነው። የኔ እፍኝ ብትቀር ግድቡ አይድንም፣ ብትጨመርም አይሞላም። ከሳሽ የለኝም፣ ምስክር የለም፣ ዳኛም አያገኘኝም። ታዲያ ነፃ ነኝ?

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ቡኻሪ የዘገቡት የዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። መዲና ውስጥ ሐራ ከሚባለው ድንጋያማ መሬት የሚወርድ የመስኖ ቦይ ነበር። የዙበይር የተምር ማሳ ከላይ ነው፣ የአንድ አንሷሪይ ሰው ደግሞ ከታች። ሰውየው ውሃው እንዲለቀቅለት ጠየቀ፣ ዙበይር አልለቀቁም፤ ጉዳዩ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ደረሰ። የመጀመሪያው ፍርዳቸው ዙበይር አጠጥተው ውሃውን ወደ ጎረቤታቸው እንዲለቁ ነበር። ሰውየው ለአክስታቸው ልጅ ያደሉ መስሎት ተቆጣ። ያን ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዙበይር ሙሉ ሐቃቸውን ሰጧቸው፦ ውሃው የማሳውን ግርግዳ እስኪደርስ ይያዙ፣ ከዚያ ይልቀቁ።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ለፍርድ ስለመገዛት ሲወራ ነው፤ ልክ ነው። እኔን ግን ሌላም ነገር ያስገርመኛል። ከታች ያለው ሰው የተጠራው ጎረቤት ተብሎ ነው፤ ጎረቤት ያደረገው ደግሞ ቦዩ ነው። ሁለቱ ፍርዶችም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከላይ ያለውን ሰው ከሐቁ ጥቂት እንዲተው ለመነው፤ ያ ኢሕሳን ነው። ሁለተኛው ሐቁን ሙሉ ሰጠው፤ ያ ፍትሕ ነው። ሙሉ ሐቁ እንኳ ግን ማብቂያ ነበረው፤ ግርግዳው ጋ ያበቃል። ከላይ መሆን መጀመሪያ ለማጠጣት መብት ይሰጣል፤ ከታች ያለውን ለመርሳት ግን አይሰጥም።

እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጧል። መዲና ውስጥ ጭቅጭቁ ውሃ ስለመያዝ ነበር፤ ጎጃም ክረምት ላይ ጥፋቱ ሳይዙ መልቀቅ ነው። ከላይ ያለው ውሃውን አቁሞ ማሳው ውስጥ ቢያሰርገው ራሱም ይጠቀማል፣ የታችኛውም ከጎርፍና ከደለል ይድናል። በዚህ ነገር የሁለቱ ጥቅም አይጣላም፤ የሚያጣላው ጊዜው ነው። ድካሙ ዛሬ ነው፣ ፍሬው ዘንድሮ አይታይም።

ይህን በተግባር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደምበጫ ብዙም ሳይርቅ አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 እዚያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ፤ 113 ሄክታር የምትሆን አንዲት ትንሽ ተፋሰስ ላይ ዝናቡን፣ ጅረቱንና የሚታጠበውን አፈር ይለኩ ጀመር። በ1986 ማሳዎቹ ላይ ፋንያ ጁ የሚባል እርከን ተሠራ። ቃሉ ስዋሂሊ ነው፣ ወደ ላይ አድርግ እንደ ማለት። ቁልቁለቱን አቋርጠህ ቦይ ትቆፍራለህ፣ አፈሩን ግን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ትወረውራለህ። ለወገብ የከበደ ሥራ ነው። ከዓመት ዓመት ግን ታጥቦ የሚወርደው አፈር ግድቡ ላይ እየተጠራቀመ ተዳፋቱ ማሳ እንደ ደረጃ እየተስተካከለ ይሄዳል።

ገበሬው ይህን አጥቶት አይደለም። እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል፣ በሬ ማዞር ያስቸግራል፣ አይጥ ይራባበታል። ግማሽ ሄክታር ይዞ ስድስት ልጅ የሚያበላ ሰው ስለ ሮሴይረስ ቢነግሩት ሊስቅ ይችላል፣ አልፈርድበትም። ከተማ ተቀምጠን ስልክ እየነካካን እሱን ሐራም ሠራህ ማለት ደግሞ ቀላል ነው። ይህን አይነት ስብከት አልወደውም። የጮቄን ምንጭ የሚጠጣ፣ የዓባይን መብራት የሚያበራ ሁሉ የዚያን ሰው ድካም እየተጠቀመ ነው፤ ስለዚህ ሸክሙ በእሱ ወገብ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። በበጋ ለተፋሰስ ሥራ ሕዝብ ሲወጣ የተማረ ልጅ ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቶ ከሆነ ዶማ ይዞ ይውጣ። ከዚህ በላይ የሚያሳምን ትምህርት አላውቅም።

የታችኛው ጎረቤት ሩቅ ነው ለሚል ደግሞ ቅርቡን ላሳየው፦ ባሕር ዛፍ። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ቤት ሠርቶልናል፣ ማገዶ ሆኖናል፣ ስንቱን ተማሪ አስተምሯል፤ ዛፉን አልረግምም። ወሰን ላይ ሲተከል ግን ሥሩ ካርታ አይቶ አይቆምም። የጎረቤት ጤፍ ውሃና ብርሃን ያጣል፣ ከዛፉ ሥር ያለው አዝመራ ይጫጫል። በገዛ መሬቴ ተከልኩ ማለት፣ በሐዲስ እንደምናውቃት መርከብ፣ በገዛ ድርሻዬ ወለሉን ልብሳ እንዳለው ሰው ነው። ፊቅህ ውስጥ ሐሪም የሚባል ነገር አለ፤ በጉድጓድ ወይም በወንዝ ዙሪያ ማንም የኔ ብሎ የማይቆፍርበት፣ የማይከልለው ክልል። መጠኑ ላይ ኡለማዎች ይለያያሉ፣ አስፈላጊነቱ ላይ ግን አይለያዩም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይህንኑ በሌላ ስም ሲያስተምሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ የተከለ ዘመድ ካላችሁ በአክብሮት፣ በቡና መሐል አንሡለት። በአገራችን ጥድና ወይራ ዛሬም በብዛት የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ መሆኑንም አትርሱ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በትውልድ ቅብብል የጠበቁት ነው፣ ሊመሰገኑበት ይገባል። የኛስ መቃብርና የመስጂድ ግቢ ምን ይመስላል?

በመጪው ክረምት፣ ኃይለኛ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ በአጠገባችሁ ካለው ወንዝ በንጹሕ ጠርሙስ ውሃ ቅዱ። ቤት ወስዳችሁ ሳትነቀንቁ አሳድሩት። ጠዋት ከሥር የተኛውን አፈር ለአባታችሁ ወይም ለአያታችሁ አሳዩአቸው። ቀለሙን አይተው ከየትኛው ጋራ፣ ምናልባትም ከማን ማሳ እንደመጣ ሊነግሯችሁ ይችላሉ።