የፊተኛው ዱካ

መስከረም ሲጠባ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ቅርብ የሆነውን፣ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የጮቄን ተራራ ለመውጣት የወጣቶች ልብ ይነሣሣል። ምኞቱ መልካም ነው፤ የደጁን ተራራ ሳያውቅ የሩቁን የሚያደንቅ ጥቂት አይደለምና። ዳሩ ግን በዚያ ወራት መንገዱ ገና ጭቃ ነው። ተጓዡ ጫማውን ሊያድን ወደ ዳር ሲል የገበሬውን ገብስ ይረግጣል። የአንድ ሰው እግር ምን ይጎዳል? ሁለተኛው ግን የፊተኛውን ዱካ ይከተላል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። የተራቆተውን ዱካ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ይቦረቡረዋል፤ አፈሩም ወደ ዓባይ ይወርዳል። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? እያንዳንዱ የራሱን እርምጃ ብቻ ቢቆጥር ጥፋተኛ አይገኝም፤ ማሳው ግን ተጎድቷል። እኔስ የፊተኛው ከኋላው ስለሚመጡትም ይጠየቃል እላለሁ፤ መንገዱን ያሳያቸው እርሱ ነውና። ስለዚህ ጭቃውን መካከል ለመካከል ይርገጥ፤ ይህ የከበደው ደግሞ መሬቱ እስኪጠና እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይቆይ።