ሰላምታ ከስብከት ይቀድማል



ጌታችን ሰባ ሁለቱን አርድእት ሁለት ሁለት አድርጎ በላካቸው ጊዜ ኮሮጆና ከረጢት እንዳይዙ ከለከላቸው። ወደ ሰው ቤት ሲገቡ ግን አስቀድመው ለዚያ ቤት ሰላምን እንዲመኙ፣ ያቀረቡላቸውን እንዲበሉ፣ ድውያንን እንዲፈውሱ፣ የእግዚአብሔር መንግሥት መቅረቧንም እንዲናገሩ አዘዛቸው (ሉቃ. 10)። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ሰላምታው ፊተኛ ነው፤ ማዕዱ ይከተላል፤ ቃሉ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ይህን ሥርዓት ብዙ ጊዜ ገልብጠነው እንገኛለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ለመንገደኛ አስጊ ባልነበረበት ወቅት፣ ከባሕር ማዶ የመጡ አንድ ወጣት ሚስዮናዊ ካህን ወደ ምዕራብ ጎጃም ሲወርዱ አብረናቸው ተጉዘን ነበር። ጊዜው የጥቅምት መጨረሻ፣ ሰብሉ አጫጁን የሚጠብቅበት ሰሞን ነበረ። ካህኑ አማርኛ መማር ከጀመሩ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ሆኖም ለሰባቱ ቀናት የሚሆኑ ሰባት ትምህርቶችን በጥሩ ጽሕፈት አዘጋጅተው በቦርሳቸው ይዘዋል።

እሑድ በፍኖተ ሰላም፣ በሥራ ምክንያት ከልዩ ልዩ ስፍራ ከመጡ ጥቂት ካቶሊካውያን ጋር በአንድ ምእመን ቤት ተሰብስበን፣ ካህኑ መሥዋዕተ ቅዳሴ አሳረጉልን። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲፈላ የጎረቤት አዛውንት ገብተው የከተማይቱን ስም ተረኩልን። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በዚህ እንዳለፉና ስሙን እርሳቸው እንዳወጡላት እንደሚነገር አጫወቱን። እኛም ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተፈታ ጊዜ እግዚአብሔር እግሮቻችንን ወደ ሰላም መንገድ እንደሚያቀና መናገሩን አስታወስን (ሉቃ. 1፥79)። ወጣቱ ካህን የዚያን ዕለት ትምህርታቸውን ለማንበብ ጊዜ አላገኙም።

ሰኞና ማክሰኞ በቡሬ፣ መንገዱ ወደ ነቀምቴ በሚገነጠልባት ከተማ፣ ከወጣቶች ጋር ተነጋገርን። ከመካከላቸው አንዱ በጨዋነት እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «አባ፣ እኛ ክርስትናን ከአባቶቻችን የተቀበልን ነን። እርስዎ ምን ሊነግሩን ነው የመጡት?» ካህኑ ወረቀታቸውን ገለጡ፤ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ግን አልነበረበትም። ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን።

ረቡዕ ወደ ገጠር ወጣን። ረጅም መንገድ በእግር ተጉዘን አንድ ገበሬ ቤት ስንደርስ ቀትር አልሆነም ነበር። ካህኑ ደክሟቸው ስለነበር ከቦርሳቸው ብስኩት አውጥተው ቀመሱ። የቤቱ ትንሽ ልጅ ትኩር ብሎ አያቸውና፣ «አባ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አላቸው። እናቱ ደንግጣ ልጁን ገሠጸችውና፣ «ይተዉት አባቴ፣ መንገደኛ አይነወርም» አለች። ያን ዕለት ካህኑ ሊያስተምሩ ያዘጋጁት ስለ ጾም ነበር! ብስኩቱን አስቀምጠው ልጁን ይቅርታ ጠየቁት። እኛም የግዕዝን ሥርዓት የምንከተል ካቶሊካውያን የረቡዕንና የዓርብን ጾም ከአባቶቻችን ስንቀበል ሳለ፣ እንግዳችንን አስቀድመን ባለማስታወሳችን አፈርን። ከቀትር በኋላ ሽሮው ቀርቦ ሁላችንም ከአንድ ገበታ በላን።

ሐሙስ በዚያው መንደር ሰው ሞተ። ሥራ ቆመ፤ ጎረቤት ሁሉ ወደ ልቅሶው ቤት ሄደ፤ እኛም ሄድን። ካህኑ ከሰው መካከል መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ከአስተናጋጃችን የተማሯትን አንዲት ቃል ብቻ ለሐዘንተኞቹ ተናገሩ፤ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ»። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አንዳች አልተናገሩም። ስንነሣ የሟች እናት እጃቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ አገርህ ሩቅ ነው፤ ከእኛ ጋር ማልቀስህን እግዚአብሔር ይቁጠርልህ» አሏቸው።

ዓርብ ማታ ካህኑ እንዲህ አሉን፤ «ክርስቶስን ይዤላቸው የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን ቀድሞኝ እዚህ ነበረ»። ቅዳሜ በቡሬ በኩል ስንመለስ ያንን ወጣት ፈልገው አገኙትና፣ «ማክሰኞ ላልመለስኩልህ ጥያቄ መልስ አለኝ፤ የመጣሁት አብሬያችሁ ልጸልይ፣ የተማርኩትንም ለሚጠይቀኝ ላካፍል ነው» አሉት። ወጣቱም ሻይ ጋበዛቸው፤ ስለ ወንጌልም ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ መንገድ በአገራችን አዲስ አይደለም። ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ፣ አባቶቻችን «አቡነ ያዕቆብ» ያሏቸው፣ በ1832 ዓ.ም. ዓድዋ በደረሱ ጊዜ ቋንቋውን በመማርና ከሕዝቡ ጋር በመኖር ጀመሩ፤ የአገሩን ልብስ ለበሱ፣ የአገሩን ጾም ጾሙ። በ1833 ዓ.ም. ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ ከተላከው ልዑክ ጋር ሲጓዙ፣ በጎጃም ተወልደው በመርጡለ ማርያም ገዳም የመነኰሱትን ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤልን አገኙ። የአባ ገብረ ሚካኤልን ልብ የሳበው ክርክር ብቻ አልነበረም፤ በረጅሙ ጉዞ ያዩት የአቡነ ያዕቆብ ትሕትናም ነበር። በ1836 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ ስለ እምነታቸውም በሰንሰለት ታስረው በ1847 ዓ.ም. ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያን በ1919 ዓ.ም. ብፅዕናቸውን፣ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የመምህራቸውን ቅድስና አወጀች። ባዕዱ የአገሩን ሰው አስተማሩት፤ የአገሩም ሊቅ በግዕዝ እውቀቱ ባዕዱን አስተማራቸው።

ስለዚህ እናንት መምህራን፣ ትምህርታችሁን ማዘጋጀት አትተዉ፤ ያልተዘጋጀ መምህር ሰሚውን ይንቃልና። ነገር ግን ከወረቀቱ በፊት ደጁን አንኳኩ፤ የታመመ ጠይቁ፤ ልቅሶ ድረሱ፤ ከጎረቤታችሁ ጋር ጹሙ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1957 ዓ.ም. ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ባወጣው ድንጋጌ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ቅርስ በአክብሮት እንድንመለከት አስተምሮናል። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት በ2007 ዓ.ም. በር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስ ሲመሠረት፣ በዚህ ሰፊ ምድር ጥቂት መሆናችንን እናውቅ ነበር። ጥቂት እርሾም የሚሠራው ከሊጡ ጋር ሲለወስ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የአካባቢው ገጠር ሕዝብ ብዙ ሞትና ሐዘን አይቷል። የዚያች እናት ቃል ዛሬም ይጠራናል። ማን ከማን ወገን ነው ብለን ሳንጠይቅ፣ ልጁን ከቀበረ ሁሉ ጋር እንቀመጥ፤ ሰላምንም እንመኝለት። ቃል የሚያስፈልግ ከሆነ እግዚአብሔር በጊዜው ይሰጠናል።

እግሮቻችንን ወደ ሰላም መንገድ የሚያቀና ጌታ፣ በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ በቅዱስ ዮስጢኖስና በብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎት ከእናንተ ጋር ይሁን። አሜን።