ባቄላው ሲቆጠር

የወንድሜ ልጅ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ቤቴ ጎራ ብለህ የተናገርኸው ከጆሮዬ አልወጣም። «ጋሼ፣ አያቶቻችን ስንቱን ልጅ አሳድገዋል፤ ዛሬ ደግሞ ልጅ ማሳደግ ተማሩ ብለው ቀበሌ ይጠሩናል» ብለህ ሳቅህ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ሳቄን ግን አልወደድሁትም። ከአምቦ ጉደር ቅርብ ነው፤ አንተ ገና ቤትህ ሳትደርስ መልሱ መጣልኝ።

እኔ ሥልጠናውን ገብቼበታለሁ። ለምርቃት የጠሩኝ መስሎኝ ነበር፤ መርቄ ልወጣ ስል «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ» አሉኝ። አሠልጣኟ የልጅ ልጄ እኩያ ናት። አንድ ጣሳ ባቄላ ይዛ መጣችና መሬቱ ላይ ሁለት ክብ አሠመረችልን። አንዱ የወንድ ልጃችሁ ነው፣ አንዱ የሴት ልጃችሁ፤ ከንጋት እስከ መኝታ ለሠሩት ሥራ አንዳንድ ፍሬ ጣሉ አለች። ለወንዱ ከብት መመለስ፣ እንጨት መፍለጥ፣ መላላክ ብለን ጣልንና ቆምን። ለሴቷ ውሃ መቅዳት፣ ቤት መጥረግ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ሕፃን ማዘል፣ ዕቃ ማጠብ፣ የአባትን እግር ማጠብ እያልን ስንጥል ባቄላው ከክቡ አልፎ ተንከባለለ። አንድ ሰው «ይኼ እኮ ሥራ አይደለም፣ የቤት ነገር ነው» አለ። ልጅቱ አልመለሰችለትም፤ የፈሰሰውን ትለቅም ነበር።

እኔ የራሴን ልጅ አሰብሁ። ከልጆቼ መካከል ስምንተኛ ክፍል ላይ የወደቀችው እሷ ብቻ ናት። ሰነፍ ናት ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ሌሊት ምጣድ ላይ የምትቆም ልጅ ቀን ክፍል ውስጥ ብታንቀላፋ ስንፍናው የማን ነው? ይህን ለመጠየቅ ባቄላ መቁጠር አስፈለገኝ።

አንተ ተረት ትወዳለህ፤ ከእኔ ነው የወረስኸው። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት»፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እያልሁ ስንት ሠርግ ቤት አስጨብጭቤአለሁ። ተረት ግን እንደ እህል ነው፤ ነቀዝ የገባበትን ለዘር አያስቀምጡትም። እነዚያን ሁለቱን ለዶሮ ሰጥቻቸዋለሁ። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ግን ነቀዝ አልነካውም፤ ማስረጃውን ቤቴ ውስጥ አይቻለሁ። የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ታናሽ እኅቱ ላይ ልምጭ ሲያነሣ አገኘሁት። ከመምታቱ በፊት ጉሮሮውን ጠራረገ። ያ የእኔ ልማድ ነው፤ ልመታ ስል ሁልጊዜ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። እንዲህ አድርግ ብዬ አንድ ቀን አልነገርሁትም።

ቄሱ ምሳሌ ሰሎሞንን እየጠቀሱ ስለ በትር ይነግሩህ ይሆናል። እኔም እረኛ ነበርሁ። እረኛ በትር የሚይዘው ላሟን ከሰው ገብስ ለመመለስ ነው፤ የላሟን እግር ሰብሮ ወደ ቤት የሚነዳ እረኛ አላየሁም። ልጅህ ስትመታው ዝም የሚለው ገብቶት እንዳይመስልህ። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ነቅንቀህ አስቀምጠው፤ ክዳኑ እስካለ ድረስ ጸጥ ያለ ነው። ክዳኑ የሚነሣው ግን አንተ ፊት አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነው፣ ወይም ሚስት ያገባ ቀን ነው።

ሕግም ታነሣ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት ትታዘዘው ይል ነበር፤ ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ ትሥራ የሚል አንቀጽ እንኳ ነበረው! በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረጋቸው። የወንጀል ሕጉ ደግሞ አንቀጽ 576 ላይ ልጅን ማጎሳቆልን ይቀጣል፤ ወላጅ ለመልካም አስተዳደግ ሲል ከሕግ ሳይወጣ የሚወስደውን ቅጣት ግን አይነካም። «እንግዲያው ተፈቅዶልኛል» እንዳትለኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አስተማሪ ልጅህን በዱላ እንዳይቀጣው ይከለክላል። ባዕድ ያልተፈቀደለትን አባት ሊመካበት አይገባም።

ይኼ ሁሉ የፈረንጅ ትምህርት ነው ብለኸኝ ነበር። ሲንቄ የማን ነው? ለኦሮሞ ሙሽራ በሠርጓ ቀን እናቷ ያቺን ቀጭን ዘንግ ስትሰጣት ከፈረንጅ ተቀብላ አይደለም። ባል አራስ ሚስቱን ቢመታ፣ ሴትዮዋ ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች፤ ድምፅዋን የሰሙት ሴቶች ሊጡንም ምጣዱንም ጥለው በየሲንቄያቸው ይወጣሉ፤ አጥፊው ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገን ሲጋደል ሲንቄ የያዙ ሴቶች መሐል ከገቡ መሣሪያ ይወርዳል። ሥርዓቱ በአርሲ በኩል ይበልጥ ጸንቶ ቆየ፤ እኛ ሜጫዎቹ ዘንጓን ለሠርግና ለኢሬቻ ጌጥ አድርገን ፍርዷን ረሳነው። እንደኔ እንደኔ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ያቺ ልጅ የምታስተምረው ይህንኑ የረሳነውን ነው።

አንድ ነገር ግን አሳፍሮኛል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ሚስት ምግብ ብታሳርር ወይም ሳትናገር ብትወጣ፣ እንዲህ ካሉ ምክንያቶች በአንዱ እንኳ ባሏ ቢመታት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ወንዶቹ 28 በመቶ። ወንዶቹ ያነሡት ደግ ስለሆኑ እንዳይመስልህ፤ ምናልባት ለጠያቂ የሚመለሰውን ቀድመው ስላወቁ ነው። ሴቶቹ ግን ያደጉበትን ነው የተናገሩት። ስለዚህ ሚስትህን ብቻ ወደ ሥልጠናው ልከህ አንተ አትቅር። ጉራጌ አገር በ64 መንደሮች የተካሄደ ጥናት ነበር፤ በአብዛኞቹ ቡና እየተፈላ 14 ጊዜ ትምህርት ተሰጠ፤ በአንዳንዱ መንደር ወንዶች፣ በአንዳንዱ ሴቶች፣ በአንዳንዱ ባልና ሚስት አብረው ተማሩ። ሲጠና፣ ወንዶቹ በተማሩበት መንደር ባሎች በሚስቶቻቸው ላይ አደረስን ያሉት ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኘ። ለሴቶቹ ብቻ የተነገረበት መንደር ይህን ለውጥ አላሳየም። እሳቱን የያዘው ሰው ካልሰማ ለተቃጠለው ሰው ስለ እሳት ቢነግሩት ምን ይጠቅማል?

«ታዲያ ሲያጠፋ ምን ላድርግ?» ትለኝ ይሆናል። ልጁ ጥጆቹን ገብስ ውስጥ ከለቀቀ፣ ይዘኸው ወደ ባለገብሱ ሂድ፤ ይቅርታውን በራሱ አፍ ይጠይቅ፣ የተበላውን ቦታ ከአንተ ጋር ይኮትኩት። ንዴትህ ሲመጣ ከቤት ውጣና በሬዎቹን ውሃ አጠጣ፤ ስትመለስ ጥፋቱ ግማሽ ሆኖ ይጠብቅሃል። ሴት ልጅህ ፊት ወንድሟን «እንደ ሴት አታልቅስ» አትበል፤ በአንድ ቃል ሁለቱን ትሰድባለህ። የውሃውን ጀሪካን በተራ ይሸከሙ። እንጀራ መጋገር ለወንድ ልጅህ ነውር ከመሰለህ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቤት ተከራይቶ ሲኖር ማን እንደሚጋግርለት ጠይቀው።

እኔ ለራሴ ልጅ ረፍዶብኛል። እናት ሆናለች። ባለፈው እሑድ «ሰነፍ ያልሁሽ በደሌ ነው» አልኋት። ዝም ብላ ቡናዬን ጨመረችልኝ፤ ይቅር ማለቷ ይሁን ልማዷ አላወቅሁም።

ቀጣዩ ሥልጠና ረቡዕ ከሰዓት ነው። አጠገቤ ቦታ እይዝልሃለሁ። ሚስትህን ይዘህ ና፣ ባቄላውንም ከቤትህ አምጣ፤ ያለፈው ጣሳ አልበቃንም።