የኮሶ ሥዕል ከነአንድምታው

ታሪክ፦ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የአባይን ምንጭ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስ ግን ሥዕሎቹን ይዞ አገሩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1790 ኤድንብራ ላይ በአምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ዕፅዋቱንም በአምስተኛው ቅጽ አኖራቸው። ከእነዚያ አንዱ ኮሶ ነው።

ቅጠሉን ሣለ፤

ግራና ቀኝ የተደረደረውን፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣውን ቅጠል ማለት ነው። ዛፉ ቆሞ ሳለ ባሉጋኒ ስለ ምን ቅርንጫፉን መረጠ ቢሉ፤ ከሩቅ የታየ ዛፍ ቁመቱን እንጂ ወገኑን አይናገርምና። አንድም፤ ተቆርጦ የደረቀ ቅጠል መልኩን ይለቃል፤ ባሕር ተሻግሮ ለሚያየው ሊቅ ትኩስ መልኩን የሚያደርስለት ሥዕል ነውና።

አበባውን ሣለ፤

ሐተታ፦ የኮሶ ወንዱና ሴቴው በየዛፉ ለየብቻ ነው። የሴቴዋ ዘለላ ወፈር፣ ቀላ ያለ ነው፤ የወንዱ ሳሳ፣ ነጣ ያለ ነው። የኮሶን ትል ለማስወጣት የምትፈለገው ሴቴዋ ናት። ባሉጋኒ በቀለም ሣለ፤ መጽሐፉ ግን በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ በጥቁር ቀለም ብቻ ታተመ። እንግዲህ ሴቴዋን የሚያስለየው ቅላት ከኅትመቱ ቀረ። አንድም፤ ቅርጽ ወገንን ያሳያል፤ ጥቅምን የሚያሳየው ግን የኖረበት ሰው ነው። ቅርጹ ኤድንብራ ደረሰ፤ የትኛው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ እንደሚጠጣ የምታውቀው የጎንደር እናት ናት።

ስሙን ጻፈ፤

ብሩስ እንግሊዛዊውን የዕፅዋት ሊቅ ጆሴፍ ባንክስን ለማክበር ኮሶን ባንክሲያ አቢሲኒካ አለው። ስሙ ስለ ምን አልጸናም ቢሉ፤ ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ታናሹ ሊኔ እ.ኤ.አ. በ1782 ባንክሲያ የሚለውን ስም ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ሰጥቶት ነበርና። ጀርመናዊው ሊቅ ግሜሊን እ.ኤ.አ. በ1791 ለኮኒግስበርጉ ሊቅ ለሐገን ክብር ሐገኒያ አቢሲኒካ አለው፤ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚህ ነው። አንድም፤ የክብር ስም በሌላ የክብር ስም ተሻረ፤ ሥዕሉ ግን አልተሻረም። ስያሜ ቢለዋወጥ በትክክል የታየ ነገር ምስክርነቱ አይለወጥም ለማለት ነው።

ሠዓሊውን ሰወረ፤

ብሩስ የባሉጋኒን ድካም አሳንሶ ሥዕሎቹን እንደ ራሱ እጅ ሥራ ቆጠረ። ሠዓሊው ግን ተሰውሮ አልቀረም፤ ሥዕሎቹ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ፤ የዕፅዋት ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ1991 በባሉጋኒ ስም መጽሐፍ አውጥተውላቸዋል። አንድም፤ የሠዓሊ ፊርማው መስመሩ ነው፤ መርምሮ የሚያይ ያገኘዋል።

ምሥጢር፦ ይህ ሥዕል ሦስት ባለቤት አለው፤ አይቶ የሣለው፣ ተሸክሞ ያሳተመው፣ ተክሎ ያቆየው። ሦስተኛውን ከየት አመጣኸው ቢሉ፤ ብሩስ ራሱ ኮሶ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ከጽዱ መካከል ለመንደሩ ሰው እንደሚተከል ጽፏል። ያን የተከለና የጠበቀ እጅ ባይኖር ሠዓሊው ምን አይቶ ይሥላል? እንግዲህ የኮሶን ሥዕል የሚያትም ሁሉ ከግርጌው የባሉጋኒን ስም ይጻፍ፤ ከዚያም ዛፉን ተክሎ መድኃኒቱን ለይቶ ያቆየውን የአገሩን ሕዝብ ይጥቀስ።