የመንገድ ዋጋ

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንደ ተባለው፣ ስለ መንገድ ክፍያ ክርክር ሲነሣ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው የገንዘቡ ልክ ሳይሆን የፍርዱ ነገር ነው። መንገድ የሁሉ ከሆነ መንገደኛ በበር ቆሞ ስለ ምን ይከፍላል? ደግሞስ የመንገዱን ዋጋ የሚሸከም በበሩ የሚከፍለው ብቻ ነውን?

በቀድሞ ዘመን የአገራችን ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር። ዛሬ የሚከፈለው ግን ዓይነቱ ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ አስቀድሞ ተሠርቶ ኋላ የሚገለገልበት ሰው ይከፍልበታል፤ መክፈል ላልፈለገም በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው አሮጌው መንገድ አልተዘጋበትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ አዳም ስሚዝ የተባለው የእስኮትላንድ ሊቅ፣ ሠረገላ ሁሉ መንገዱን በሚጎዳበት መጠን ቢከፍል ቅን ፍርድ መሆኑን አስረድቷል። ይህ አሳብ እውነትነት አለው።

ነገር ግን እውነቱ ሙሉ አይደለም። በዌልስ አገር ከ1839 እስከ 1843 ድረስ ገበሬዎች የሴት ልብስ ለብሰው በሌሊት የክፍያ በሮችን የሰበሩት፣ ለእርሻቸው ኖራ ሲያመላልሱና ከብት ወደ ገበያ ሲነዱ በየበሩ መክፈል ስላስመረራቸው ነው። በእስኮትላንድም የስካይ ደሴት ሰዎች በ1995 በተከፈተው ድልድይ ላይ አንከፍልም ብለው ተሟግተው፣ ክፍያው በ2004 ቀርቷል። ሌላ መተላለፊያ ለሌለው ሰው ክፍያው የፈቃድ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ይሆንበታል።

እንግዲህ ፊታችንን ወደ አፋር እንመልስ። የፍጥነቱ መንገድ ከአዳማ ወደ አዋሽ እንዲቀጥል ታስቧል። ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ፣ ከዚያም በጋላፊ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የአገሪቱን ሸክም የሚያመላልሱ የጭነት መኪናዎች መተላለፊያ ነው። እዚያም አንድ ቀን የታጠረና የሚከፈልበት መንገድ ይሠራ ቢባል፣ መኪና የሌለው አርብቶ አደር በበሩ ሳንቲም አይከፍልም። ነገር ግን በበጋ ግመሉንና ፍየሉን ወደ አዋሽ ወንዝ የሚያወርድበትን መሻገሪያ አጥሩ ቢቆርጥበት፣ ከሁሉ የከበደውን ዋጋ የከፈለ እርሱ ነው፤ ደረሰኝም አይሰጠውም። ስለዚህ ቢቃወም ሥልጣኔን የጠላ አድርገን አንቍጠረው።

ይህን ስንል ተቃዋሚ ሁሉ እውነተኛ ነው ማለታችን አይደለም። ከወደቡ የሚመጣውን መድኃኒት በደጋ የሚጠብቅ በሽተኛም፣ ማዳበሪያ የሚጠብቅ ገበሬም በዚህ መንገድ ላይ ድርሻ አላቸው። የአንዱ መብት የሌላውን ተስፋ እንዲዘጋ አይገባም። ማስታረቂያውም መሻገሪያ መተው፣ አሮጌውን ጎዳና በነጻ ማቆየት፣ ከሁሉም በፊት አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ዝናም የት ዘነበ፣ ሣር የት በቀለ፣ ሰላም ነውን ይባባላሉ። ይህንንም ዳጉ ይሉታል፤ በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። በዚያ ምድር የቆየው የመንገድ ክፍያ እንግዲህ እውነት ነው። የአዲሱም መንገድ ሠሪ ከመንገደኛው ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት፣ መንገዱ የት እንደሚያልፍ፣ ምን እንደሚቆርጥ፣ ለማን እንደሚጠቅም ለባለ አገሩ በቅንነት ይንገር፤ መልሱንም ተቀምጦ ይስማ። ዳጉውን ያልከፈለ ቀረጥ ለመጠየቅ ምን አፍ ይኖረዋል?