ያልተጠየቀ ዋስ

እናቴ ቤት ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ማዳበሪያ ከሰል አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገዛች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከሰሉ ግን ከቦታው ተነስቶ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛውን እንጀራ አውጥታ አራተኛውን እየጋገረች ሳለ መብራት ሄደ። እንጀራው ዐይን ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ ጠርዙ ተነሳ፣ መሐሉ ጥሬ ሆኖ ቀረ። ምንም ሳትል ሊጡን ከደነችው፣ ከሰሉን አቀጣጠለችና ወጡን ወደ ምድጃው አዛወረች። “መብራት እኮ እንግዳ ነው፣ ልጄ” አለችኝ። “ሲመጣ ደስ ይላል፤ ቤት ግን በእንግዳ አይተዳደርም።”

ስለ አገር የኢነርጂ ዋስትና ክርክር በሰማሁ ቁጥር ይቺ ንግግሯ ትመጣብኛለች። ስለ ዋስትናው ብዙ ይወራል፤ ስለ ዋሱ ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። በእኛ አገር ዋስ ማለት ሰው ነው። “ዋስ ጥራ” የተባለ ሰው ዘመድ ወዳጁን ይለምናል፤ የተለመነውም አስቦበት፣ ከሚስቱ ተማክሮ፣ እሺ ካለ መጥቶ ይፈርማል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይህንን ልማድ አጥብቆ ይዞታል። ዋስትና በግምት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ በግልጽ መሰጠት አለበት። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተጻፈ ደግሞ ዋስትናው አይጸናም። ሕጉ ሰውን በሌላው ዕዳ ወሰን በሌለው ገደል ውስጥ መጣል ስላልፈለገ ነው።

ይህንን መለኪያ ይዤ ወደ ድንጋይ ከሰል ልምጣ። ደጋፊዎቹ የሚሉት ግልጽ ነው፦ ከገዛ ምድራችን ሥር ያለ ሀብት ነው፤ ማንም በማዕቀብም በጦርነትም አይዘጋብንም። ደቡብ አፍሪካ ግን ይህን አባባል ታፈርሰዋለች። ከኤሌክትሪኳ ከአሥር እጅ ስምንቱ ከድንጋይ ከሰል የሚመጣ ነው፤ ለሌላው ዓለም፣ ለእኛ ሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ጭምር፣ ስትሸጥ የኖረች አገር ናት። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2023 ሕዝቧ በፈረቃ ጨለማ ውስጥ ከረመ፤ በከፋው ጊዜ በቀን እስከ 10 ሰዓት። ከሰሉ አላለቀም። ያረጁት ማመንጫዎች ጥገና አጥተው ይሰበሩ ነበር፤ የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤስኮምንም ሙስና አድክሞታል። ድንጋዩ መሬት ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ ሀብት ነው፤ ሰው ካልታመነ ግን አይቆምልንም።

በሌላ በኩል የእኛን መታመኛም እውነቱን ልናገር። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ የውሃ ዋሱ ደግሞ ዝናብ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ሲወርድ አገሩ በሙሉ ፈረቃ ገብቶ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅምና 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ያለው፣ ትከሻችንን አስፍቶታል፤ ያም ቢሆን ክረምቱን ይጠብቃል። የከሰል ደጋፊው “ከሰል ደመና አይለምንም” ሲል ውሸት አልተናገረም። ጀርመን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ ጋዝ ሲቆምባት የዘጋቻቸውን የከሰል ማመንጫዎች መልሳ ከፍታለች። ሲሚንቶም አለ፦ የፋብሪካው እቶን 1,450 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ድንጋዩ ሲሚንቶ አይሆንም። ይህን ሙቀት ዛሬ በርካሽ የሚሰጠው ከሰል ነው። በዶላር ከማስመጣት የአገር ውስጡን፣ አመዱ የበዛውን፣ አጥቦ መጠቀም ይሻላል የሚለውን ሐሳብ እኔም እቀበላለሁ።

የማልቀበለው ይህንን ዋስትና ብሎ መጥራት ነው። ከከሰል ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአየር ንብረትን እያዛባ አየር ላይ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ዕዳው ሲመጣ የሚከፍለው ማነው? በልግ የቀረበት ገበሬ፣ ጎርፍ የወሰደው ቀዬ፣ ገና ያልተወለደ ልጅ። ማንም ሄዶ አልለመናቸውም፤ የዕዳው ጣሪያም የትም አልተጻፈም። በሕጋችን ዓይን ይህ ውል ከጅምሩ አይጸናም። ጭሱ ያዛባው ዝናብ ደግሞ መልሶ የግድቦቻችን ዋስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው “ሀብታሞቹ አገሮች ሲያነዱ የት ነበራችሁ?” ሊለኝ ይችላል፤ እውነት አለው። እንግሊዝ የመጀመሪያውን የከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጫ ለንደን ላይ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ የመጨረሻውን የዘጋችው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024። በእነዚያ 142 ዓመታት እኛ ሳንጠየቅ ዋስ ሆነን ተፈርሞብናል፤ ድርሻችንም ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ይህ በደል ካሳ የሚጠየቅበት ነው። እኔ ግን ሳይጠየቅ ዋስ የሆነ ሰው የዚያን ውል መራራነት ከማንም በላይ ያውቃል ብዬ አምናለሁ፤ በሌላው ላይ ለመፈረም እጁ ሊከብደው ይገባል።

ነገሩ ያዩ ላይ ሲደርስ ሐሳብ መሆኑ ቀርቶ መሬት ይሆናል። ያዩ የሚገኘው ኢሉ አባ ቦር ውስጥ ነው። ከላይ የዱር ቡና በጥላ ሥር ይበቅላል፤ ቡና ማንም ሳይተክለው ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ጥብቅ የሕይወት ክልል ብሎ መዝግቦታል። ከሥሩ የድንጋይ ከሰል አለ። ከከሰሉ ማዳበሪያ ለማምረት ፋብሪካ ተጀምሮ ነበር፤ ብዙ ገንዘብ በልቶ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ማዳበሪያ ለአገር ምን ማለት እንደሆነ ሐምሌ ላይ ሰልፍ የቆመ ገበሬ ይነግራችኋል፤ እቅዱን ማቃለል አልችልም።

ነገር ግን ጫካው አንድ ጊዜ ዋስ ሆኖ ከፍሎልናል። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን ዛፉ ላይ እያጠቆረ የሚያደርቅ የቡና በሽታ አገራችን ገባ፤ የብዙ ገበሬ ማሳ ባዶ ቀረ። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙትን ዛፎች ፈልገው የመረጡት እዚሁ አገር ቤት፣ ከራሳችን የቡና ዘር ብዝኃነት ውስጥ ነው። ይህን ብዝኃነት አቅፎ ያቆየው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ያ ሀብት ባይኖር ሲኒያችንም የውጭ ምንዛሪያችንም ሌላ ታሪክ በኖራቸው ነበር። ቀጣዩ በሽታ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም። ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን ብንገልጥ፣ አንዱን ዋስ ሸጠን ሌላ መግዛታችን ነው፤ የምንሸጠው ደግሞ ዕዳ ከፍሎ ያሳየውን ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ለሲሚንቶው ከሰል ይታጠብ፣ ይነድም፤ ነገር ግን ስንት ቶን፣ እስከ ስንት ዓመት፣ ጉድጓዱን ማን እንደሚደፍን ተጽፎ። ለኤሌክትሪክ ግን ከሰል አንጀምር። በጋ ላይ ውሃው ሲወርድ የአዳማ ነፋስ ይበረታል፤ ከአሉቶ ላንጋኖ በታች ያለው የምድር ሙቀት ደግሞ ወቅት አይመርጥም። ዝናብ ቃሉን ሲያጥፍ ከጎኑ የሚቆሙ ዋሶች እነዚህ ናቸው።

ባለፈው እናቴን ያ የከሰል ማዳበሪያ ስንት ቀን እንደሚያደርሳት ጠየቅኋት። ጫፉን በእግሯ ጫን አድርጋ “አሥራ ሁለት” አለች፤ ማሰብ አላስፈለጋትም። ከየት እንደመጣስ? “በዝዋይ በኩል ነው ይላሉ” አለችኝ። ከስንት ግራር እንደሆነ ግን እሷም እኔም አናውቅም።